«ብቻዬን ብተወው አይሻልም ወይ?»፦ ጫት ለመተው ለተቸገሩ ጠያቂ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ በቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም የምኖር የ36 ዓመት ሰው ነኝ፤ ሥራዬ ሴራሚክ ማንጠፍ ነው። ከስድስት ዓመት በፊት ዕጣ ደርሶን ነው ከአራት ኪሎ የመጣነው። ጫት መቃም ከጀመርኩ 11 ዓመት ሆኖኛል፤ ማታ ማታም ለጨብሲ፣ ማለትም ምርቃናውን ለማብረድ፣ ሁለት ሦስት ድራፍት እጠጣለሁ። አራት ጊዜ ትቼ አራት ጊዜ ተመልሻለሁ፤ ከሁሉም ረጅሙ በሁዳዴ ጾም የተውኩት ነው። ባለቤቴ ኪሴንና ስልኬን ትፈትሻለች፣ ወንድሟ ለሽምግልና መጥቷል፣ በንስሐ አባቴ ፊትም ምዬ ነበር። ቤተሰብ በገባበት ቁጥር የባሰብኝ ይመስለኛል። ለውጥ የራስ ነው ይባላል፤ ታዲያ ለማንም ሳልናገር ብቻዬን ብተወው አይሻልም ወይ? የ12 ዓመት ልጄም አንዳንድ ነገር የገባው ይመስለኛል፤ ለእሱስ ምን ልበለው?

ምላሽ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ጥያቄዎን ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። በሱስ ሕክምና ላይ ለዓመታት የሠራሁ የሥነ ልቦና ባለሙያ እንደመሆኔ፣ «ቤተሰብ በገባበት ቁጥር ባሰብኝ» የሚለውን ቅሬታ ከብዙ ሰው ሰምቼዋለሁ፤ አብዛኞቹም እውነታቸውን ነበር። እርስዎም እውነትዎን ነው። የማልስማማው ከዚህ ተነሥተው በደረሱበት መደምደሚያ ነው። እስካሁን በዙሪያዎ የተሰበሰቡት ሰዎች ሲጠብቁዎት፣ ሲመረምሩዎትና ሲፈርዱብዎት ነው የቆዩት፤ ያልጠቀመዎትም ይኸው ጥበቃ ነው። እገዛ የሚባለውን ገና አልሞከሩትም። ስለዚህ ለማንም ሳይናገሩ ብቻዎን ቢተዉት ይሻል እንደሆነ ለጠየቁት የምሰጠው መልስ «አይሻልም» የሚል ነው፤ ሆኖም ለማን፣ ምን ያህልና ምን ተብሎ እንደሚነገር በጥንቃቄ መመረጥ አለበት።

በመጀመሪያ፣ እርስዎ በአንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነክተው ያለፉትን የሁዳዴን ነገር ላንሣ፤ ለእኔ ከጻፉት ሁሉ ትልቁ እሱ ነውና። በሌላ ጊዜ ሁለት ሳምንት መታገሥ የሚያቅተው ሰው 55 ቀን ሙሉ ሳይቅም የሚቆየው የልቡ ጽናት በየካቲት ጨምሮ በሚያዝያ ስለሚቀንስ አይደለም። በሁዳዴ የሚለወጠው ሰው እርስዎ ብቻ አይደሉም። እቤት የሚሠራው ወጥ ይለወጣል፣ ሥጋ ቤቱ ይዘጋል፣ ምግብ ቤቱ በያይነቱን ከፊት ያደርጋል፣ አብሮ የሚሠራ ሰውም «ጾመኛ ነኝ» ሲባል ለምን ብሎ አይጠይቅም፣ አያሾፍምም። እምቢ ለማለት ማብራሪያ አያስፈልግዎትም፤ ኪስዎን የሚፈትሽም የለም። እምነቱ ራሱ የሚሰጠው ጉልበት እንዳለ አውቃለሁ፤ እሱን ከቁጥር አላወጣሁትም። ይሁንና ፋሲካ በደረሰ ማግስት ዙሪያው ሁሉ በአንድ ሌሊት ይገለበጣል፤ «እንኳን አደረሰህ፣ ና እንጂ» ብሎ የሚጋብዝዎትም ሁለት ወር ሙሉ ጾምዎን ያከበረልዎት ያው ባልደረባ ነው። በዚያ ሳምንት መመለስዎን እንደ ግል ድክመት ቆጥረውት ይሆናል፤ እኔ የማየው ግን ይዞዎት የነበረው ድጋፍ የቀን ገደብ የነበረው መሆኑን ነው።

ቀጥሎ ጫቱ በሕይወትዎ ውስጥ የያዘውን ቦታ እንመልከት። የጤና ባለሙያዎች ስለ ጫት ስንናገር ስለ ካቲኖን ማውራት ይቀናናል። ካቲኖን በለጋው ቅጠል ውስጥ የሚገኝ አነቃቂ ንጥረ ነገር ሲሆን፣ ቅጠሉ ሲጠወልግ ይቀንሳል፣ ወደ ደካማው ካቲንም ይለወጣል፤ በለጬም ይሁን ወንዶ ወይም ባሕር ዳር፣ ቃሚ ሁሉ የዕለቱን ትኩስ ጫት የሚፈልገው ለዚህ ነው። ከዚህ የሚከተለውን ግን ብዙ ጊዜ ልብ አንለውም፦ በየዕለቱ የሚገዛ ነገር በየዕለቱ ሰው ያገናኛል። ጠርሙስ ገዝቶ ቁም ሣጥን ውስጥ ደብቆ ለብቻው የሚጠጣ ሰው ይኖራል፤ ጫት ግን ገንዘብ ተዋጥቶ፣ አንድ ሰው ተልኮ፣ ውኃና ኦቾሎኒ ቀርቦ፣ ቦታ ተይዞ የሚቃም የጋራ ነገር ነው። በግንባታ ሥራ ላይ ደግሞ ከምሳ በኋላ ለዙርባ (ለጫት እስር) የማያዋጣ ሰው ከሥራው ቡድን የተገለለ ያህል እንደሚሰማው እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቁታል።

በዚህ ላይ የሰፈርዎን ሁኔታ ይጨምሩበት። የኮንዶሚኒየም ዕጣ የደረሰው ሰው ቁልፍ ይረከባል እንጂ ጎረቤት አይረከብም። ጫቱን ይዘውት የመጡት ከአራት ኪሎ ነው፤ ነገር ግን እዚያ ሳሉ ጫት ከብዙ ገመዶች አንዱ ነበር። «የት ጠፍተህ ከረምክ?» የሚሉ እናቶች፣ የወላጆችዎ እድርተኞች፣ አብሮ አደጎችዎና የሰፈሩ ባለሱቅ ነበሩ። ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬም ሆነ የካ አባዶ ገብቶ በር ዘግቶ ለሚኖር ሰው ግን፣ የመጀመሪያውን «ና ግባ» የሚለው ብዙውን ጊዜ በርጫ የሚቃምበት ቤት ነው። ብቸኛው ገመድ ጫቱ ሲሆን፣ ጫትን መተው ከቅጠሉ አልፎ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ስምዎን ጠርቶ የሚፈልግዎትን ስብስብ መተው ይሆናል። በምስጢር ልተው ማለት ደግሞ ያንን ስብስብ ለቅቆ በምትኩ ወደየትም አለመሄድ ነው። ሀራራው በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ይበርዳል፤ በእኔ ልምድ ከወር ከሁለት ወር በኋላ የሚመለሱ ሰዎች በአብዛኛው የሚመለሱት ቅጠሉን ሳይሆን ጨዋታውን ናፍቀው ነው።

ይህን የምለው ከልምድ ብቻ ተነሥቼ አይደለም። ኒኮላስ ክሪስታኪስ እና ጄምስ ፋውለር የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጡት ጥናት፣ በአሜሪካ ፍራሚንግሃም ከተማ የሚካሄደውን የረጅም ጊዜ የልብ ጤና ክትትል መዝገብ ተጠቅመው፣ ከ1971 እስከ 2003 የ12,067 ሰዎችን የማጨስ ሁኔታና የእርስ በርስ ግንኙነት መርምረው ነበር። ከባልና ሚስት አንዱ ሲጋራ ሲያቆም የሌላው የማጨስ ዕድል በ67 በመቶ፣ ጓደኛ ሲያቆም በ36 በመቶ፣ በትንሽ መሥሪያ ቤት አብሮ የሚሠራ ሰው ሲያቆም ደግሞ በ34 በመቶ ቀንሶ አገኙት፤ ሰዎች ማጨስ የሚተዉትም አንድ በአንድ ሳይሆን እርስ በርስ የሚተዋወቁት በቡድን በቡድን ሆነው ነበር። ተመሳሳይ ጠባይ ያላቸው ሰዎች ከመጀመሪያውም ስለሚወዳጁ እንዲህ ያለው ጥናት ተቺዎች አሉት፤ ትችቱም ተገቢ ነው። ለእርስዎ ይበልጥ የሚጠቅመው ማርክ ሊት እና ባልደረቦቻቸው በኮኔቲከት ዩኒቨርሲቲ በመጠጥ ሱስ በተያዙ 210 ሰዎች ላይ ያካሄዱት ሙከራ ይመስለኛል። በዚህ ሙከራ፣ ታካሚው በሚቀርባቸው ሰዎች መካከል የማይጠጣ አንድ ሰው ብቻ መጨመሩ፣ በቀጣዩ ዓመት ከመጠጥ ታቅቦ የመቆየት ዕድሉን በ27 በመቶ ከፍ አድርጎት ነበር። ሁለቱም ጥናቶች በሲጋራና በመጠጥ ላይ የተደረጉ ስለሆኑ ቁጥሮቹን እንዳሉ ወደ ጫት መገልበጥ አይገባም። ሆኖም አሥር ጓደኛ መቁረጥ ያልቻለ ሰው አንድ ሰው መጨመር እንደሚችል ማወቅ ብዙ ሸክም ያቀላል።

አሁን ወደ ባለቤትዎ እንምጣ። እርሳቸውን ለመውቀስ አልቸኩልም፤ ኪስ የሚፈትሽ ሰው የፈራ ሰው ነው፤ የልጆች የትምህርት ቤት ክፍያ በዙርባ በዙርባ እየተሸነሸነ ሲያልቅ ለዓመታት አይተዋል። ይሁን እንጂ ፍተሻው የሚያመጣውን ይመልከቱ። ሳይቅሙ የዋሉበት ቀን ዋጋው «ዛሬ አልተያዝኩም» ብቻ ይሆናል፤ የቃሙበት ቀን ደግሞ ሐሳብዎ ሁሉ ሽታ በማጥፋትና ምክንያት በማዘጋጀት ላይ ይውላል። እንዲህ ሲሆን ነገሩ የሁለታችሁ ድብብቆሽ ይሆንና፣ የመተው ኃላፊነት ከእርስዎ ትከሻ ወርዶ በእርሳቸው ላይ ይጫናል፤ እርሳቸው በደከሙ ቀን የሚጠብቀው ሰው የለም።

ዊሊያም ሚለር፣ ሮበርት ሜየርስ እና ባልደረባቸው እ.ኤ.አ. በ1999 ያሳተሙት ጥናት ይህንን በቁጥር ያሳያል። አልታከምም ያሉ ጠጪዎች ያሏቸው 130 የቤተሰብ አባላት በሦስት ተከፍለው ሦስት ዓይነት ሥልጠና ተሰጣቸው። የመጀመሪያዎቹ በአንድነት ተሰብስበው ጠጪውን ፊት ለፊት እንዲጋፈጡት የተዘጋጁ ናቸው፤ የባለቤትዎን ወንድም ሽምግልና ያስታውሰኛል። ሁለተኛዎቹ የሰውየውን ነገር ለእሱ ትተው የራሳቸውን ሰላም እንዲጠብቁ ተመከሩ። ሦስተኛዎቹ ግን ሰውየው ያልጠጣበትን ሰዓት ልብ ብለው እንዲያሞቁት፣ የጠጣበትን ሰዓት ያለ ጭቅጭቅ ትተውት እንዲርቁ፣ የስካሩን ጣጣ እንዳይሸፋፍኑለት፣ ለራሳቸውም ሕይወት ጊዜ እንዲሰጡ፣ ልቡ በለሰለሰበት ሰዓትም ሕክምናን እንዲጋብዙት ተማሩ። ዘመዳቸውን ወደ ሕክምና ያመጡት ከመጀመሪያዎቹ 30 በመቶ፣ ከሁለተኛዎቹ 13 በመቶ፣ ከሦስተኛዎቹ 64 በመቶ ነበሩ። ይህን ቁጥር ለባለቤትዎ ቢያነቡላቸው ደስ ይለኛል፤ በእርሳቸው ላይ ክስ ሆኖ እንዳይሰማ ግን አነባበብዎን ይጠንቀቁ።

ባለቤትዎን «እንዳትጠራጠሪኝ» ብለው አይለምኗቸው፤ ጥርጣሬ በልመና አይቀርም። ይልቁንም ለሁለት ሳምንት የሚቆይ ስምምነት ያቅርቡላቸው። እርስዎ በየማታው፣ ሳይጠየቁ፣ በራስዎ አንደበት «ዛሬ አልቃምኩም» ወይም «ዛሬ ቅሜያለሁ» ይላሉ፤ እርሳቸው የሚመልሱት «እሺ» ብቻ ነው። በዚያ ፈንታ ፍተሻው ይቆማል። ቅመው በገቡበት ማታ ክርክር አይኖርም፤ በምርቃና ላይ ካለ ሰው ጋር የሚደረግ ንግግር ለማንም ጠቅሞ አያውቅምና፣ የሚባለው ሁሉ በማግስቱ ጠዋት ይባላል። ሳይቅሙ በገቡበት ማታ ግን እራት አብሮ ይበላል፣ ከዚያም በብሎኮቹ መካከል ወጣ ብሎ መናፈስ፣ ስለ ጫት ያልሆነ ጨዋታ፣ እንግዳ መጥራትም ሊሆን ይችላል። ስምምነቱን እምቢ ቢሉ መብታቸው መሆኑን ይቀበሉ፤ አራት ጊዜ ቃል ሰምተዋል። እርስዎ ግን የማታውን ዘገባ በራስዎ በኩል መቀጠል ይችላሉ፤ ለመናዘዝ የእርሳቸው ፈቃድ አያስፈልግምና። እርሳቸውም የሚያጫውታቸው ሰው ያስፈልጋቸዋል፤ እህት ወይም የቡና ጎረቤት ካላቸው፣ የቤቱ ነገር ወጣ በሚል ፍርሃት አይከልክሏቸው።

በንስሐ አባትዎ ፊት ስለ ማሉት መሐላ በጥንቃቄ መናገር እፈልጋለሁ። አላን ማርላት የተባሉት አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከሱስ የሚመለሱ ሰዎችን ሲያጠኑ ያስተዋሉት አንድ ነገር አለ፦ ብዙ ጊዜ ሰውን ወደ ቀድሞው ልማድ ሙሉ በሙሉ የሚመልሰው የመጀመሪያው መሰናከል ሳይሆን፣ ሰውየው ለዚያ መሰናከል የሚሰጠው ትርጉም ነው። ፍጹም ነገር ቃል የገባ ሰው አንድ ቀን ሲሳሳት «አንዴ ምዬ አፍርሻለሁ፤ ከእንግዲህ ምን ቀረኝ» ይላል፤ የአንድ ቀኑ ስሕተት የሦስት ወር ይሆናል። ከዚህም የከፋው ሐፍረቱ በመሐላው ላይ ከነበሩት ሰዎች ያሸሸዋል፤ ሊያነሡት ይችሉ የነበሩት አባት በመንገድ ሲመጡ መንገድ ያሻግራል። እርስዎስ ከዚያ ወዲህ ወደ አባትዎ ሄደው ያውቃሉ? የእኔ ምክር እንደገና እንዳይምሉ፣ ነገር ግን እንደገና እንዲሄዱ ነው። «አባቴ፣ በወደቅሁ ቁጥር በሦስት ቀን ውስጥ መጥቼ ልንገርዎት፤ በግዝት አይያዙኝ» ቢሏቸው፣ እኔ የማውቃቸው አባቶች ይህን ደስ ብሏቸው የሚቀበሉ ናቸው፤ የንስሐ አባት የተሰጠው ለሚወድቅ ሰው መሆኑን ከማንም በላይ ያውቃሉና።

«ለውጥ የራስ ነው» የሚለውን አባባል በተመለከተ፣ ኤድዋርድ ዴሲ እና ሪቻርድ ራያን የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ለብዙ አሥርት ዓመታት ሲያጠኑ የኖሩት ይህንኑ ነው፤ ሰው የራሴ ብሎ የያዘው ውሳኔ ከተጫነበት ይልቅ ይዘልቃል። ሆኖም እነዚሁ ተመራማሪዎች ሰው ለውሳኔው እንዲጸና ከሚያስፈልጉት መሠረታዊ ነገሮች አንዱ ከሰዎች ጋር ያለው ቁርኝት እንደሆነ ያስተምራሉ። ስለዚህ አባባሉ ስለ ምርጫው እውነት ነው፤ ስለ ሥራው ግን አይደለም። ምሳሌ ልስጥ። የቅዳሜ ክፍያዎን ባለቤትዎ ከእጅዎ ቢቀበሉ ውርደት ሆኖ ይሰማዎታል፤ እርስዎ ራስዎ ገና ከሥራ ቦታው ሳይወጡ የቤቱን ድርሻ በቴሌብር ቢልኩላቸው ግን ያው ገንዘብ፣ ያው መንገድ፣ ሌላ ትርጉም ይሆናል። ከዚህም የተሻለ መላ አባቶቻችን አቆይተውልናል፤ እሱም እቁብ ነው። የእቁብ ዳኛ ኪስዎን አይፈትሽም፣ ስለ ጠባይዎም አይጠይቅም፤ ነገር ግን ቅዳሜ ሲመሽ ድርሻዎን የሚጠብቁ ሰዎች አሉ፣ ዕጣው የወጣለት ሰው በእርስዎ ላይ ይቆጥራል። ለጫት የሚወጣውን ያህል ገንዘብ የሚያሥር፣ ከማይቅሙ ሰዎች ጋር የሚጣል እቁብ ቢገቡ፣ ሳይነገርዎት የሚያግዝዎት ቡድን አገኙ ማለት ነው።

ለማን ልንገር ለሚለው፣ ለሁሉም ሰው መናገር አያስፈልግም፤ እንዲያውም ዐዋጅ ማስነገር ይጎዳል፣ ሲሳሳቱ የሚያፍሩበትን ሰው ቁጥር ያበዛል። ሁሉንም የሚያውቅ አንድ ሰው ይበቃል፤ ይህ ሰው የማይደነግጥ፣ ስልክ የሚያነሣ፣ ምስጢር የሚይዝ፣ ቢቻል ራሱ አንድ ነገር ትቶ የሚያውቅ ቢሆን ይመረጣል። ባለቤትዎ ባይሆኑ ይሻላል፤ የቤት ወጪ፣ የልጅና የትዳር ጉዳይ በአንድ ላይ የተሸከመ ሰው ይህንንም ልሸከም ሲል ይጎብጣል። ወንድማቸውም ባይሆኑ እመርጣለሁ፤ አንዴ በዳኝነት የተቀመጠ ሰው ወደ ባልንጀራነት ለመውረድ ይቸግረዋል። ከዚያ ውጭ የሚያስፈልግዎት ምስጢርዎን የሚያውቅ ሳይሆን ይቅሙበት የነበረውን ሰዓት የሚጋራዎት ሰው ነው።

ከዓመታት በፊት የማውቃቸው አንድ የሚኒባስ ሾፌር ነበሩ፤ በከተማዋ ዳር ባለ መስመር ላይ የሚሠሩ። ጓደኞቻቸው ተራ እየጠበቁ ለመቃም ወደ አንዲት ክፍል የሚገቡበት ሰዓት ላይ፣ እርሳቸው በመናኸሪያው ጥግ ጀበና ቡና የምትሸጥ ሴት ዘንድ ሄደው በርጩማ ላይ ተቀመጡ። የነገሯት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «ተራዬ እስኪደርስ እዚህ ልቀመጥ፣ ሲጠሩኝ እየጠጣሁ ነው በይልኝ»። ለምን እንደሆነ አልጠየቀቻቸውም። ቀን ቀንን ሲወልድ በርጩማው የእርሳቸው ሆነ፤ ባልመጡበት ቀን «ትናንት የት ነበሩ?» ማለት ጀመረች። የረዳቸው ይህ ጥያቄ ነው ብለው ነግረውኛል፤ የት እንደነበሩ የሚጠይቅ ሰው ለዓመታት የነበራቸው የጫት ቤቱ ብቻ ነበርና። ይህን ስናገር ቡናን እንደ መድኃኒት አዘዘ እንዳይሉኝ፤ ጫትን ሁልጊዜ ከቡና ጋር ለሚወስድ ሰው ቡናው ራሱ ሀራራ ይቀሰቅሳል። ለእርስዎ በርጩማው ሌላ ቦታ ሊሆን ይችላል፤ በሥራ ቦታ የማይቅም ግንበኛ ወይም ዘበኛ ካለ፣ ምሳዎን ከእነርሱ ጋር መብላትና የከሰዓቱን ሥራ በእነርሱ በኩል መጀመር ይችላሉ።

ለሚቅሙ ጓደኞችዎ ደግሞ ንግግር አያድርጉላቸው፤ «እናንተም ተዉ» የሚል ሰው በሳምንቱ ብቻውን ይቀራል ወይም ተመልሶ ይቀላቀላል። በአገራችን «ጾመኛ ነኝ» ከሚለው ቀጥሎ ክብር ያለው ቃል «ሐኪም ከልክሎኛል» የሚለው ነው። ቃሉ ውሸት እንዳይሆን ጤና ጣቢያ ሄደው የደም ግፊትዎንና ጨጓራዎን ይታዩ፤ ሐኪሙ ያለ ጥርጥር ይከለክልዎታል። ከመካከላቸው አንዱ ለብቻው ሲያገኝዎት «እንዴት ቻልከው?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ያ ሰው የጨመሩት አንድ ሰው ሊሆን ይችላል። ጽዋ ማኅበር ካለዎትም ይቀጥሉበት፤ ጠላው በሚቀዳበት ጊዜ ብርዝ ወይም ለስላሳ እንዲቀመጥልዎት ለቤቱ እመቤት አስቀድሞ መንገር ብቻ ነው የሚያስፈልገው።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት በተመለከተ አብረዎት የሚኖሩ ሰዎች አስቀድመው ሊያውቁት የሚገባ ነገር አለ። ጫት ያቆመ ሰው ይደብተዋል፣ ይነጫነጫል፣ ከልክ በላይ ይተኛል፣ ሥራ ያስጠላዋል፤ ሌሊት ደግሞ ዱካክ ይመጣል፤ የሚያስፈራ ሕልም፣ የሚጫን ነገር። ይህን የማያውቅ ቤተሰብ «ሲቅም ይሻል ነበር» ይላል፤ እንዲህ ያለችው ቃል ስንቱን ሰው ወደ ጫት ቤት እንደመለሰች እኔ አውቃለሁ። ዱካክ ጫቱ ከአእምሮ ሲወጣ የሚከሰት የእንቅልፍ መታወክ መሆኑንና እየቀለለ እንደሚሄድ ባለቤትዎ ቢያውቁ፣ ሌሊት ሲባንኑ ውኃ ሰጥተው ያስተኙዎታል። ስለ መጠጡ ግን ጥብቅ ነገር ልናገር። ጨብሲ የምርቃናውን ንቃት ለማብረድ የሚጠጣ በመሆኑ ጫቱ ሲቆም ምክንያቱም ይቆማል፤ ሁለት ሦስት ድራፍት ያሉትንም አምኜ ነው የምጽፈው። ቁጥሩ ከዚያ የሚበልጥ ከሆነ፣ አረቄም ካለበት፣ ጠዋት እጅዎ የሚንቀጠቀጥ፣ የሚያልብዎትና ሲጠጡ ብቻ የሚረጋጉ ከሆነ ግን በድንገት ለብቻዎ አያቁሙ፤ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት የሚጥል በሽታ ዓይነት መንቀጥቀጥ፣ ከዚያም መቃዠት ሊመጣና ለሕይወት ሊያሰጋ ይችላል። በዚህ ጊዜ የሚሄዱት ለአካባቢዎ ወደሚቀርበው ወደ ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል ነው። ድብርቱ ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየ፣ ድምፅ የመስማት ወይም ሰው ይከታተለኛል የማለት ነገር ካለ፣ ወይም ራስን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣ ደግሞ አንድም ቀን ሳያሳድሩ አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ይሂዱ፤ ለሱስም ሕክምና ይሰጣል። ብቻዎን አይሂዱ፤ ያንን ሁሉን የሚያውቅ አንድ ሰው ይዘው ይሂዱ።

የልጅዎን ነገር መጨረሻ ላይ ያስቀመጡት የሚከብደው እሱ ስለሆነ ይመስለኛል። የ12 ዓመት ልጅ አንዳንድ ነገር የገባው ብቻ አይደለም፤ ከእርስዎ ፊት የትኛው ቀን እንደሆነ ያነባል። ስለዚህ ይንገሩት፤ አጭር ይሁን፣ ባልቃሙበት ቀን ይሁን። «ጫት እየቃምኩ ብዙ ጊዜ ቆይቻለሁ፤ ለማቆም እየሞከርኩ ነው፤ አንዳንድ ቀን ልነጫነጭ እችላለሁ፣ ያ በአንተ ምክንያት አይደለም» ቢሉት ይበቃል። ቃል አይግቡለት፣ ይቅርታ አድርግልኝ ብለውም አያስለቅሱት። ከሁሉም በላይ «አባትህ ሲገባ አሽትተው» ወይም «ከእሱ ጋር ሂድና የት እንደሚገባ ንገረኝ» የሚል ትእዛዝ ከማንም እንዳይደርሰው ይጠብቁት፤ ልጅ ዘበኛ ከሆነ እርስዎ በተሰናከሉ ቀን የተሸነፈው እሱ ይመስለዋል። ሊያግዝዎት ከፈለገ፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ ጓደኞችዎ በሚሰበሰቡበት በዚያ ሰዓት ኳስ ይዞ ሜዳው ድረስ አብሮዎት ይምጣ፤ ለምን ሰዓቱ እንደተመረጠ ማወቅ የለበትም።